የጁፒተር መንኰራኩር መሐንዲስ የሠሩት የውኃ ጠመንጃ፦ ሱፐር ሶከርን ከመግዛትዎ በፊት

ሙቀቱ መበርታት ሲጀምር እዚህ አሜሪካ በአትላንታና በዙሪያዋ ያሉ ትልልቅ መደብሮች መደርደሪያቸውን በውኃ ጠመንጃ ይሞላሉ፤ ወላጅም ከቀለሙና ከዋጋው ሌላ የሚመዝንበት ነገር ሳይኖረው ልጁ የጠቆመውን አንሥቶ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ ያመራል። ከእነዚህ መጫወቻዎች መካከል ሱፐር ሶከር የሚለውን ስም የያዘው ግን ለየት ያለ የትውልድ ታሪክ አለው። የፈጠሩት ሎኒ ጆንሰን ወደ ጁፒተር በተላከችው በጋሊሊዮ መንኰራኩር ላይ የሠሩ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ ቤተ ሙከራቸውም የሚገኘው እዚሁ አትላንታ ውስጥ ነው። ይህ ግምገማ ዕቃውን ከሰውየው ሕይወት ጋር አያይዞ ይመዝናል፤ ምክንያቱም መጫወቻው ጥሩ ወይም ተራ የሚሆነው፣ ሎኒ ጆንሰን ከልጅነታቸው ጀምረው የተከታተሉትን አንድ ሐሳብ፣ ማለትም የታመቀ አየርን ኃይል፣ በውስጡ በመያዙ ወይም ባለመያዙ ነው።

ለምዘና የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1990ዎቹ የተሠራ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከያርድ ሴል (ሰዎች ያገለገለ ዕቃ በግቢያቸው ከሚሸጡበት) የተገዛ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነገር ግን አካሉ ያልተሰነጠቀ የአየር ግፊት ሱፐር ሶከር ነው። ሁለተኛው በቅርቡ ከመደብር የተገዛ፣ በዚያው ስም የሚሸጥ፣ የፊት እጀታው በተገፋ ቁጥር ውኃ የሚተፋ ሞዴል ነው። ባለባትሪ የሆነና የአምራቹ ስም በሣጥኑ ላይ በወጉ ያልተጻፈ ሦስተኛ ጠመንጃም ከኢንተርኔት ተገዝቶ ነበር፤ እርሱ ግን ገና ክረምቱ ሳይጋመስ የባትሪው ክፍል ውኃ ስለገባበት ከውድድሩ ወጥቷል።

ከሱፐር ሶከር በፊት የነበረው የውኃ ሽጉጥ የሚሠራው እንደ መርፌ ሲሪንጅ ነበር። ምላጩ ሲሳብ ትንሽ ፒስተን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለችው ጥቂት ውኃ በቀጭኑ አፈሙዝ በኩል ትወጣለች፤ ምላጩ ሲለቀቅ ደግሞ ሌላ ጥቂት ውኃ ይሞላል። ስለዚህ የውኃው ፍጥነት በአንዲት ጣት ጉልበት የተወሰነ ነው፤ የልጅ ጣት ደግሞ ጉልበቷ የታወቀ ነው። የጆንሰን መፍትሔ ጉልበቱን ከጣት ወደ ክንድ ማዛወርና፣ ከሁሉ በላይ፣ በአንድ ጊዜ ከማውጣት ይልቅ ማጠራቀም ነበር። እጀታው በተገፋና በተሳበ ቁጥር ከላይ ካለው ቋት ጥቂት ውኃ ወደ አንድ የታሸገ ክፍል ይገባል። ውኃ በዚህ መጠን ባለ ግፊት አይታመቅም ማለት ይቻላል፤ በክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ግን ቦታው ስለሚጠብበት ይታመቃል። ምላጩ በሚሳብበት ጊዜ ቫልቩ ይከፈትና የታመቀው አየር ወደ ቀድሞ ስፋቱ ለመመለስ ሲል ፊቱ ያለውን ውኃ በሙሉ ኃይሉ ይገፋዋል። የምላጩ ድርሻ በር መክፈት ብቻ ነው።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በወረቀት ላይ ማስላት ቀላል ነው። በክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ወደ ግማሽ ስፋቱ ቢታመቅ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከውጭው አየር የሚበልጥበት መጠንም አንድ አትሞስፌር፣ ማለትም የውጭው አየር ራሱ ያለው ግፊት ያህል ነው። በሰበቃ የሚባክነውን ትተን ብናሰላው ውኃው ከአፈሙዙ የሚወጣው በሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አየሩ ወደ ሲሶ ስፋቱ ቢታመቅ ደግሞ ትርፉ ግፊት ሁለት አትሞስፌር፣ የውኃው ፍጥነትም በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይታያሉ። መጀመሪያ፣ የአንድ ልጅ ክንድ በጥቂት ግፊያ የመኪናን የከተማ ፍጥነት ለውኃ መስጠት ይችላል። ሁለተኛ፣ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ልጆች እንደሚያደርጉት ክንድ እስኪዝል ድረስ መግፋት ድካሙ ከትርፉ እየበለጠ ይሄዳል፤ የፕላስቲኩም ዕድሜ ያጥራል።

ሎኒ ጆንሰን በኦክቶበር 1949 በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች የነበሩ፣ በኋላም በአየር ኃይል ጣቢያዎች በሾፌርነት የሠሩ፣ የተበላሸ ዕቃ ራሳቸው መጠገን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ለልጆቻቸውም መጫወቻ እንዴት እንደሚሠራ አስተምረዋል። ለዚህ ግምገማ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ታሪክ እዚህ ላይ ይገኛል። ጆንሰን ገና ሕፃን ሳሉ ከአባታቸው ጋር ከቀርከሃ የሠሩት መጫወቻ ቻይናቤሪ የተባለውን ዛፍ ድቡልቡል ፍሬ በአየር ግፊት የሚተኩስ ነበር። አንድ ፍሬ የቀርከሃውን አንድ ጫፍ ይወትፋል፤ ሌላው ከኋላ ሲገፋ በመካከላቸው ያለው አየር ይታመቅና የፊተኛውን ፈንጥሮ ያስወጣዋል። ከዚህ ቀርከሃ እስከ ሱፐር ሶከር ድረስ የተለወጠው ፍሬው በውኃ መተካቱ፣ ቀርከሃውም ፕላስቲክ መሆኑ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የእኅታቸውን አሻንጉሊት ዓይኖቿ እንዴት እንደሚከደኑ ለማየት መፈታታታቸው፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሮኬት ነዳጅ ሲያፈሉ ቤቱን ሊያቃጥሉ መድረሳቸው፣ ከወዳደቀ ብረትና ከሣር ማጨጃ ሞተር መኪና ሠርተው አውራ ጎዳና ላይ ሲነዱ ፖሊስ ማስቆሙ በየቃለ ምልልሱ የሚነገር ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በ1968 የተከሰተው ነው። በዚያን ጊዜ በዘር በተከፋፈለችው ሞቢል የጥቁሮች በሆነው የዊሊያምሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት ጆንሰን፣ ሊኔክስ ብለው የሰየሙትን ሮቦት ይዘው በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ወደተካሄደ የሳይንስ ውድድር ሄዱ። ዩኒቨርሲቲው ከአምስት ዓመት በፊት የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ በር ላይ የቆሙበት ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። በውድድሩ የተገኙት ጥቁር ተማሪ እርሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አንደኛም ወጡ። ሮቦቱ ከወዳደቁ ዕቃዎች የተሠራ ሲሆን የሚንቀሳቀሰው በታመቀ አየር ነበር። እንደ ጆንሰን አነጋገር ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች በኩል ከመሰናበቻ ቃል በቀር ና ተማር ያላቸው አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ የወሰዱት የዝንባሌ ፈተናም ለምሕንድስና እንደማይሆኑ የሚናገር ውጤት ሰጥቷቸው ነበር።

ስለዚህ የሄዱት በአላባማ ወደሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ወደ ተስኪጊ ነው። በ1973 በመካኒካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ ሁለተኛውን በኑክሌር ምሕንድስና አስከትለው ኦክ ሪጅ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሠሩ። ቀጥሎም በአየር ኃይሉ ኒው ሜክሲኮ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ወደ ጠፈር የሚላኩ የኑክሌር ኃይል ምንጮችን ደኅንነት የሚመረምረውን ክፍል በተጠባባቂነት መሩ። የኤሮስፔስ (የአውሮፕላንና የመንኰራኩር) መሐንዲስ የሚባሉት እንግዲህ በዲግሪያቸው ሳይሆን በሥራቸው ነው፤ ይህም በሙያው ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መንኰራኩር ሙቀት፣ ኤሌክትሪክ፣ ብረትና ኮምፒውተር የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ የሚገናኙበት ሥራ ነውና።

በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓሳዲና አጠገብ ወደሚገኘው የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሲገቡ የተመደቡት በጋሊሊዮ ላይ ነበር። ጁፒተር ከፀሐይ ያላት ርቀት ከመሬት ርቀት አምስት እጥፍ በላይ ስለሆነ የሚደርሳት ብርሃን እኛን ከሚደርሰን ከሃያ አምስት እጅ አንዱን እንኳን አይሞላም፤ በዚያ ዘመን ለነበረ የፀሐይ ሰሌዳ ይህ በቂ አልነበረም። ስለዚህ ጋሊሊዮ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከፕሉቶኒየም ሙቀት ነበር። ጆንሰን የኃይል ምንጩን ከመንኰራኩሯ ጋር የማገናኘት ሥራ ተሰጥቷቸው፣ በኃይል መስመሩ ላይ ድንገተኛ ብልሽት ቢደርስ የኮምፒውተሩ ትውስታ ኃይል አጥቶ እንዳይጠፋ የሚጠብቅ ዘዴ ሠርተዋል። ጋሊሊዮ በኦክቶበር 1989 ተነሥታ በዲሴምበር 1995 ጁፒተር ደረሰች፤ በሴፕቴምበር 2003 ወደ ፕላኔቷ ከባቢ አየር ገብታ እስክትጠፋም ድረስ ሠራች። ጆንሰን በሁለቱ የላቦራቶሪው ቆይታቸው መካከል ወደ አየር ኃይሉ ተመልሰው በራዳር በቀላሉ በማይታየው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ፕሮግራም ውስጥም ተሳትፈዋል፤ ወደ ሳተርን በተላከችው በካሲኒ ሥራም እጃቸው አለበት።

የውኃ ጠመንጃው የመጣው ከዚህ ሁሉ መደበኛ ሥራ ጎን ለጎን፣ ማታ ማታና በዕረፍት ቀን በቤታቸው በሚሠሩት ነው። በ1982 ይሞክሩት የነበረው መጫወቻ አልነበረም፤ በማቀዝቀዣዎች ውስጥ ይሠራበት የነበረውንና የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳውን ፍሪዮን በውኃ የሚተካ የሙቀት ፓምፕ ነበር። መታጠቢያ ክፍላቸው ውስጥ የሠሩትን አፈሙዝ ከቧንቧው ጋር አያይዘው ሲከፍቱት የውኃው ፍንጣቂ ክፍሉን አቋርጦ ሄደ፤ የመጋረጃው መውለብለብ ሳይቀር ትኩረታቸውን ሳበው። አስቸጋሪውን የሙቀት ፓምፕ ሰዎች እስኪረዱት ድረስ፣ ማንም አይቶ የሚረዳውን የውኃ ጠመንጃ ሠርቼ በገንዘቡ ምርምሬን ላካሂድበት አሉ። ሐሳቡ ቀላል፣ መንገዱ ግን ረጅም ሆነ።

የመጀመሪያው ናሙና ከፒቪሲ ቧንቧ፣ ከአክሪሊክ፣ ከጎሚኒና በኋላም ከላዩ ከተተከለ የሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ የተሠራ ነበር፤ የፈተነችውም ትንሿ ልጃቸው ናት። የፈጠራ መብቱን በ1983 ጠይቀው በ1986 አገኙ። ራሳቸው ሊያመርቱት ቢያስቡ ፋብሪካው ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ጠመንጃዎች 200,000 ዶላር እንደሚያስፈልግ ነገራቸው። ከኩባንያዎች ጋር የተጀመሩ ውይይቶች እየተንጓተቱ ፈረሱ። በ1989 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደው የመጫወቻዎች ትርዒት ላይ ላራሚ የተባለውን የመጫወቻ ኩባንያ ሰዎች አግኝተው፣ ወደ ፊላደልፊያ ብቅ ካሉ እንዲጎበኟቸው፣ ለዚህ ብለው ግን እንዳይመጡ ተነገራቸው። እርሳቸው ግን አዲስ ናሙና ሠርተው፣ ሻንጣ ውስጥ ከትተው ሄዱ፤ በስብሰባው አዳራሽ ውስጥም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተኩሰው አሳዩ። ጠመንጃው በ1990 ፓወር ድሬንቸር በሚል ስም በ10 ዶላር ገደማ ወጣ፤ በ1991 ሱፐር ሶከር ተብሎ በቴሌቪዥን ሲተዋወቅ በአሜሪካ በብዛት ከሚሸጡት መጫወቻዎች ግንባር ላይ ወጣ። ጠቅላላ ሽያጩ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

በእጄ ወዳሉት ልመለስ። አሮጌው በያርድ ሴል ሲገዛ ውኃ ያፈስ ነበር፤ ምክንያቱም በፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው ጎሚኒ ደርቆ ነበር። ይህ በአሮጌ ሱፐር ሶከር ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ልኩ የሆነ ቀለበትና ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይበቃዋል። ቫዝሊን መቀባት የለመዱ ሰዎች ቢተዉት ይመረጣል፤ የተፈጥሮ ጎማን ያላላልና። ከተጠገነ በኋላ የሚሰጠው ደስታ ግን ከአዲሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጥቂት ተገፍቶ ምላጩ ሲሳብ ቀጭን፣ ቀጥ ያለና የማይቆራረጥ ፍንጣቂ ይወጣል፤ ልጁም ሁለቱን እጆቹን ለማነጣጠር ብቻ ይጠቀምባቸዋል። ሊሸሽ፣ ሊደበቅ፣ ከዛፍ ኋላ ቆሞ ሊያደባ ይችላል፤ ግፊቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው ይህ የተጠራቀመ ኃይል ነው።

ጉድለቱም ከዚያው አሠራር የሚመነጭ ነው። ውኃው እየወጣ በሄደ ቁጥር የታመቀው አየር ይሰፋል፤ በመስፋቱም ግፊቱ ይወርዳል፤ በመሆኑም የመጀመሪያው ፍንጣቂ አጥር ሲያሻግር የመጨረሻው እግር ሥር ይንጠባጠባል። ይህን ጉድለት የላራሚ መሐንዲሶች ራሳቸው ስላወቁት በ1996 በወጣው ሲፒኤስ 2000 በተባለው ሞዴል አየሩን ትተው ውኃውን ወፍራም የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቡት። የተለጠጠ ላስቲክ ሲሰበሰብ ግፊቱ ከሞላ ጎደል እኩል ሆኖ ስለሚቆይ ፍንጣቂው እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ አይደክምም። ያ ሞዴል ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ነው፤ ዋጋውም የመጫወቻ ዋጋ አይደለም፤ ላስቲኩም ያረጃል። ስለዚህ ለልጅ ይገዛ ብዬ አልመክርም።

አዲሱ ሞዴል በመልክ ያማረ ነው፤ በአያያዙም ይመቻል፤ ለመሙላትም ፈጣን ነው፤ ውኃ ከአፉ ጠልቆ ቢሞላ እንኳ ክዳን ፍለጋ የለበትም። አሠራሩ ግን እጀታው ሲገፋ ብቻ ውኃ የሚተፋ ነው። ግፊት የሚያጠራቅም ክፍል የለውም፤ ስለዚህ የውኃው ፍጥነት በዚያች ቅጽበት በሚገፋው ክንድ ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። በሌላ አባባል ጆንሰን የሸሹት የቀድሞው የሲሪንጅ አሠራር ከጣት ወደ ክንድ ተሻግሮ፣ በስማቸው ሳይሆን በፈጠራቸው ስም ተመልሷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሱፐር ሶከር ስም ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። አምራቹ ይህን የሚያደርግበት ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም፤ የሚታሸግ ክፍል፣ ቫልቭና ጎሚኒ የሌለው ዕቃ ለመሥራት ይረክሳል፤ የሚበላሽበትም ነገር ያንሳል፤ ትንሽ ልጅም ያለ ማብራሪያ ይጠቀምበታል። እንደ ወላጅ ይህን ጥቅም አልንቅም። ሆኖም የአምስት ዓመት ሕፃን በሚረካበት ዕቃ የአሥር ዓመት ልጅ ቶሎ ይሰለቻል፤ እየተገፋ ማነጣጠር ስለማይቻል ውኃው ካሰቡበት አይደርስም።

ስለዚህ ሱቅ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት የቋቱን ትልቅነት ሳይሆን በሣጥኑ ላይ ኤር ፕሬሸራይዝድ (በአየር ግፊት የሚሠራ) የሚል ጽሑፍ መኖሩን ነው። ጽሑፉ ከሌለ የፊት እጀታው ብዙ ጊዜ ተገፍቶ ምላጩ ለብቻው የሚሳብ መሆኑን ማጣራት ይበቃል፤ ምላጭ የሌለው ከሆነ ግፊት አያጠራቅምም። ከዚያ ቀጥሎ ክብደቱ ይታሰብ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሁለት ሊትር የሚይዝ ቋት ተሸክሞ ማስታወቂያው ላይ እንጂ ጓሮው ውስጥ አይሮጥም። የሞላ ጠመንጃ ፀሐይ ላይ መተው፣ ሳሙና መጨመር ወይም አልገፋ ብሎ የቆመን ፓምፕ በኃይል መግፋት ዕቃውን ይጎዳል። ጨዋታው ሲያበቃ ግፊቱን አውጥቶ፣ ቋቱን ገልብጦ ማስቀመጥ ይገባል። በሴኮንድ 20 ሜትር የሚሄድ ውኃ በቅርብ ርቀት ለዓይን አደገኛ መሆኑንም ለልጆች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ስለ ቀለሙ የምጽፈው ለውበት አይደለም። በ1992 ቦስተን ውስጥ በውኃ ጠመንጃ ጨዋታ የተጀመረ ጠብ በእውነተኛ ጥይት ተጠናቆ አንድ ታዳጊ ከሞተ በኋላ፣ የከተማይቱ ከንቲባ ሬይመንድ ፍሊን ሱቆች ይህን መጫወቻ መሸጥ እንዲያቆሙ ጠይቀው ነበር። በ2014 ደግሞ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በክሊቭላንድ መናፈሻ ውስጥ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ በፖሊስ ተገድሏል። ልጆቻችን በዚህ አገር የሚታዩት እንደ ጥቁር ልጆች ነው፤ ስለዚህ የውኃ ጠመንጃቸው ከሩቅ መጫወቻነቱ የሚታወቅ፣ ደማቅ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ መሆን አለበት፤ ጥቁር ወይም ብረት መሰል ሆኖ የተሠራውን፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ፣ ቤቴ አላስገባም። በዚህ በኩል ሱፐር ሶከር ከጥንት ጀምሮ በደማቅ ቀለሙ ምስጋና ይገባዋል።

ገንዘቡ የት ሄደ የሚል ጥያቄ የሚያነሣ አንባቢ ይኖራል። ላራሚን የገዛው ሃዝብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ሲሆን፣ ጆንሰን ለኩባንያው የነርፍ መስመር የሚሆኑ ስፖንጅ ተኳሾችም ፈጥረዋል። ከ2007 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ሊከፈላቸው የሚገባው ሮያሊቲ (ከሽያጩ ለፈጣሪው የሚደርስ ድርሻ) ተጓድሏል ብለው አቅርበው በ2013 በግልግል ዳኝነት 72.9 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነላቸው። ሱፐር ሶከር በ2015 በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር አዳራሽ ገባ፤ እርሳቸውም በ2022 ወደ ብሔራዊው የፈጠራ ባለሙያዎች የክብር አዳራሽ ገብተዋል። ከ100 በላይ የፈጠራ መብቶች በስማቸው ተመዝግበዋል።

ለእኔ ከሽልማቱ የሚበልጠው ግን በገንዘቡ የሠሩት ነው። በ1982 መታጠቢያ ክፍል ውስጥ የታሰበው፣ መጫወቻ ምርምርን ይመግብ የሚለው ዕቅድ፣ ቃል በቃል ተፈጽሟል። በአትላንታው ቤተ ሙከራቸው ዋናው ሥራ ጄቴክ በሚል ምህጻረ ቃል የሚጠራው፣ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በውስጡ ሃይድሮጂን በታሸገ ዑደት ይዞራል፤ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወገን መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ፕሮቶኖችን በስስ ገለፈት ውስጥ እንዲያልፉ ሲያስገድዳቸው፣ ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ዞረው ይሄዳሉ፤ ያም ኤሌክትሪክ ነው። የሚሽከረከር ተርባይን ወይም ፒስተን የለውም። የፀሐይ ሙቀትንም ሆነ ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚባክነውን ሙቀት ለመጠቀም የታሰበ ነው። ከጠንካራ ንጥረ ነገር በሚሠሩ ባትሪዎች ላይም ምርምር ያካሂዳሉ። ቀርከሃው፣ ሊኔክስ፣ የውኃ ጠመንጃውና ይህ መሣሪያ ሁሉም የግፊት ልዩነትን ወደ ሥራ መለወጥ ናቸው፤ ልጄ ጠመንጃው ለምን ሩቅ እንደሚደርስ ሲጠይቀኝ የጀመርሁት ማብራሪያ እዚህ ድረስ ያለ ችግር ወስዶኛል።

ስለዚህ ፍርዴ እንዲህ ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የአየር ግፊት ያለው ሱፐር ሶከር፣ አዲስም ሆነ የተጠገነ አሮጌ፣ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ያወጣል። ከዚያ በታች ለሆነ ሕፃን በእጅ የሚገፋው ትንሹ ሞዴል ይበቃል፤ ነገር ግን ለዚያ ዓይነት ጠመንጃ ስለ ስሙ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ ርካሾቹም ያንኑ ያደርጋሉ። ባለባትሪዎቹን የሚመርጥ ሰው የባትሪው ክፍል በጎሚኒ የታሸገ መሆኑን ከፍቶ ይመልከት። አዲስ አበባ ላለ የዘመድ ልጅ መላክ የሚፈልግ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ቋቱን አድርቆ ያስገባው፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ ከሆነም ትንሹን ቋት ይምረጥ፤ ትልቁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ የቤቱን ጀሪካን ባዶ ያደርጋል።